እትዬ ዶርቃ የመረጡልኝ ሞተር

የእትዬ ዶርቃን ማረፍ የሰማሁት ቱላ፣ ሠርግ ቤት፣ በግ እሳት ላይ አድርጌ ቆሜ ሳለ ነው። ስልኬ ሲጠራ እጄ ቅቤና አዋዜ ስለነበረ ባለቤቴ ጽጌ አንስታ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። የእትዬ ዶርቃ ልጅ ሊዲያ ነበረች። «አስራት፣ እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ውስጤ አልገባም። ጽጌ ፊቴን ስታይ ነገሩ ገባትና ስልኩን ወደ ራሷ ወስዳ ከእኔ ቀድማ ማልቀስ ጀመረች።

በጉ ግን መዞሩን አላቋረጠም። የሠርጉ ሰዎች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆም እያሉ ያዩታል፣ አንዳንዱም ስልኩን አውጥቶ ያነሳዋል። ሞተሩን የሚያይ የለም፤ ማን ሞተር ያያል። እኔ ደግሞ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። ያቺን ሞተር መርጠው የገጠሙልኝ እሳቸው ናቸው። የእጄን ሙያ ያቆዩልኝም እሳቸው ናቸው። ይህን በሕይወት እያሉ እንደሚገባ ነግሬያቸዋለሁ ማለት አልችልም፤ ምስጋና ሲጀመርባቸው ጨዋታ መቀየር ይወዱ ነበርና። አሁን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ልናገር።

እኔ አሮስቶ ሠሪ ነኝ። ሥራውን የለመድኩት ከተማችን ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ወጥ ቤት ነው። በኋላ ከአለቃዬ ጋር አልስማማ ስል በርሜል አሰንጥቄ፣ እግር አስበይጄ፣ የራሴን የከሰል ምድጃ አቆምኩ። በሥራ ቀን መናኸሪያ አካባቢ ዶሮ እጠብሳለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሠርግ ቤት ሙሉ በግ። ሙሉ በግ ከሰል ላይ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ትንሽ ከተዘናጉበት አንዱ ጎኑ ያርራል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ የብረት ዘንጉን ያለ ማቋረጥ የሚያዞር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። በቀኜ አዞራለሁ፣ በግራዬ ቅቤ እቀባለሁ፣ ሰውም ከብቦ ያየኛል። መታየት እወድ ነበር፤ አሁንም አልጠላም።

እትዬ ዶርቃ ጀርባ ለጀርባ ጎረቤታችን ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቀመጡም ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ነበሩ። ከተማችን ውስጥ ባለ ፋብሪካ፣ ጥገና ክፍል ውስጥ፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ሲጠቀልሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ወጡ ማለት ቦታ ቀየሩ ማለት እንጂ ሥራውን አልተዉትም። ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው የፓምፑን፣ የወፍጮውን፣ የጁስ መፍጫውን ሞተር ይጠቀልላሉ። ካቻቢቴያቸው የሚቀመጠው ሻሻቸው ውስጥ ነበር። አንዳንድ እሑድ ረስተውት ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ይሄዱና መዘምራኑን አስቀው ይመለሳሉ።

ሽቦ ሲጠቀልሉ የሚቆጥሩት በሲዳሙ አፎ ነው፤ ሚቶ፣ ላሜ፣ ሳሴ እያሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አማርኛቸው ምንም አይወጣለትም ነበር። ቁጥር ግን በእናቴ ቋንቋ ካልሆነ ልቤ አያምነውም ይሉ ነበር። ቆጠራ ላይ ሳሉ ሰው ከገባ አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ እንጂ ቀና አይሉም። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር መጥተው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ አይቻለሁ። ሲጨርሱ ቀና አሉና «ይቅርታ ፓስተር፤ ጸሎት ከመሃል ቢቋረጥም እግዚአብሔር ይቀበለዋል፤ ሽቦ ግን ቁጥሩ ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያ ነው» አሏቸው። ፓስተሩ ስቀው እኔ የለቀቅኩላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

እኔ ዘንድ ሲመጡ የሚበሉት የዶሮ አንገት ብቻ ነበር። ጭን አቀርባለሁ፣ ይመልሱታል። «አንገት ቶሎ አያልቅም፤ እያወራሁ እቆያለሁ» ይላሉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሁዳዴ ሲገባ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ይጠፋሉ፣ እኔም የምጠብሰውን አልቀምስም። ያኔ እትዬ ዶርቃ ሆን ብለው ይመጡና ባዶ ወንበሮቹን ቃኘት አድርገው፣ «የእናንተ ጾም እንዴት ይመቸኛል፤ ግፊያ የለ፣ ወረፋ የለ» ይሉኛል። ጨው መመጠኑን የምጠይቀውም እሳቸውን ነበር። አዋዜው ከበዛ አፋቸውን በእጃቸው ያራግባሉ፣ ልክ ከሆነ ሁለተኛ አንገት ይጠይቃሉ። ሁዳዴን ሙሉ በእሳቸው ምላስ ነበር የምሠራው።

አንድ የማይጠፋ ጥያቄ ነበራቸው። «ከባዱ ጎን የቱ ነው?» ይላሉ። የሚሽከረከር ነገር ሲንቀጠቀጥ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጎኑ ከብዶ ነው፤ እሱን ካላገኘህ ሞተር ብትቀይር፣ ቡሎን ብታጠብቅ መንቀጥቀጡ አይቀርም ይሉ ነበር። ጥያቄውን ለሰውም ያውሉታል። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ሴቶች በጎርፍ መውረጃ ቦይ ተጣልተው ሽማግሌ ተቀመጠላቸው። ሽማግሌው ሁሉ ስለ ቦዩ ስፋት ሲከራከር እትዬ ዶርቃ አንደኛዋን ወደ ጥግ ወሰዷትና «ልጅሽ ዐረብ አገር ከገባች ወዲህ ደወለችልሽ?» ብለው ጠየቋት። ሴትየዋ አልደወለችም ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የተጣላቻት ይህን ስትሰማ ተነስታ አቀፈቻት። ቦዩንም ተጋግዘው ቆፈሩት።

ይህን ሁሉ እያየሁ አንድ ቀን ጥያቄው ወደ እኔ ይዞራል ብዬ አላሰብኩም።

እሳቸው ከማረፋቸው ከብዙ ጊዜ በፊት፣ ከሌላ የቱላ ሠርግ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገለበጠና ቀኝ ትከሻዬ ተሰበረ። አጥንቱ ጊዜውን ጠብቆ ገጠመ። እጄ ግን ከደረቴ በላይ አልነሳም አለ። ሐኪሙ አስቀምጦ በደንብ አስረዳኝ፤ እያመመህም ቢሆን በየቀኑ ካላንቀሳቀስከው እንደዚሁ ደርቆ ይቀራል አለኝ። ጥቂት ቀን ሞከርኩ። ሕመሙ ዓይኔን ሲያጨልመው ተውኩት። ጽጌ ስትጠይቀኝ ሠርቻለሁ እላታለሁ፤ ማን ወዶ ይታመማል። ዶሮውን በግራዬ ማዞር ይቻላል፣ ሙሉ በግ ግን በግራ እጅ ግማሽ ቀን አይዞርም። የሠርግ ሥራ ሌሎች ዘንድ ሄደ። ቤት ውስጥ ሰሐን ሲንኳኳ የምቆጣ፣ ሰው ሲስቅ በእኔ የሳቀ የሚመስለኝ ሰው ሆንኩ። በመጨረሻ ምድጃውን ልሸጥና ሻሸመኔ የጽጌ ወንድም መጋዘን ጥበቃ ልገባ ቆረጥኩ። ጽጌ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብሴን አጥፋ ሻንጣ ውስጥ አስገባች።

ገዢው ምድጃውን ሊያይ የመጣ ዕለት እትዬ ዶርቃ ሳይጠሩ ገቡ። ምድጃውን ዞሩት፣ ዘንጉን በአንድ ጣታቸው ገፋ አድርገው ሲዞር አዩት፣ ከዚያ ወደ ሰውየው ዘወር ብለው «ይህ ምድጃ ሥራ ላይ ነው፤ የሚሸጥ አይደለም» አሉት።

ሰውየው እኔን አየኝ።

«እትዬ፣ የእኔ ዕቃ እኮ ነው» አልኳቸው። ድምፄ ጥሩ አልነበረም።

«የአንተ ነው። ሞተር እንገጥምለታለን።»

«ሰው አሮስቶ የሚያሠራኝ እኮ እኔ ቆሜ ሳዞር አይቶ ነው። ሞተር ሲያይ ምን ይላል?»

«ሰው አሮስቶ የሚያሠራው ሊበላ ነው» አሉና ገዢውን እስከ በር ሸኙት። በትሕትና ነው የሸኙት፣ ውሃም ጋብዘውታል፤ ሰውየው ግን ተመልሶ አልመጣም።

እኔ ሲበዛ ችኩል ነኝ። እሳቸው ቆይ ሲሉኝ በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ ከሁሉ የከበደውን የውሃ ፓምፕ ሞተር ገዛሁና እዚያው ብየዳ ቤት አስገጠምኩት። ከባድ ከሆነ ጉልበት አለው፣ ጉልበት ካለው በግ ያዞራል፤ ሒሳቤ ይኸው ነበር። ሁለት ዶሮ ሰካሁና ማብሪያውን ተጫንኩ። ዶሮዎቹ እንደ ቬንትሌተር ተሽከረከሩ። ስቡ ጽጌ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ላይ ተረጨ፣ ክንፉ ተፈታ፣ አንደኛው ዶሮ ከዘንጉ ወጥቶ በአጥሩ ላይ አለፈ። ጥቂት ቆይቶ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ዶርቃ ዶሮውን በአንድ እግሩ አንጠልጥለው ቆመዋል።

«ይህ የእናንተ ነው?» አሉ። «ብቻውን መጣ።»

ከአደጋው ወዲህ ጽጌ ስትስቅ ያየኋት የዚያን ቀን ነው። ሳቋ አልቆም ብሏት ግድግዳ ይዛ ቁጭ አለች፣ እኔም እሷን አይቼ ሳቅሁ። እትዬ ዶርቃ እስክንጨርስ ጠበቁንና፣ «ለውሃ የተሠራች ሞተር መወርወር እንጂ መጥበስ አታውቅም። ነገ ጠዋት አሸዋ በከረጢት ይዘህ ጠብቀኝ» ብለው ሄዱ።

አሸዋው የበጉ ምትክ ነበር። ከዘንጉ ጋር አሰሩትና ዓይኔን ጨፍኜ በግራ እጄ እንዳዞረው አዘዙኝ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይጎትተኛል፣ ካለፈ በኋላ ይቀለኛል።

«ከባዱ ጎን የቱ ነው?»

«እዚህ ጋ» አልኳቸው።

በትክክል በተቃራኒው በኩል ቁራጭ ብረት በቡሎን አሰሩበት። እንደገና ሳዞረው ዘንጉ የትም ቦታ ላይ ብተወው እዚያው ይቆማል። በዓመታት ሙያዬ ዘንጉ የሚጎትተኝ በጉ ስለሚከብድ ነው ብዬ ነበር የማስበው። «በግ ሁልጊዜ በጀርባው ይከብዳል፤ ሁልጊዜ አዙረህ እይ፣ ከዚያ አመጣጥን። ሞተር የምንመርጠው ከዚህ በኋላ ነው» አሉኝ። ያ ቁራጭ ብረት ከተገጠመ ወዲያ ጉልበት የሚያስፈልገው ነገር ጠፋ።

መናኸሪያ አካባቢ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥባቸውን ሱቆች አብረን ዞርን። የሚፈልጉት የመኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነበር። ቀስ ብላ ትሠራለች፣ ዝናብም ጭቃም እንዲገፋ ሆና የተሠራች ስለሆነ ግትር ናት፣ በባትሪም ትሠራለች። እኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ሠርግ ያለ ቀን ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እያንዳንዷን ባትሪ ላይ አስነስተው፣ በጨርቅ ይዘው ሊያቆሟት ይሞክራሉ፣ ከዚያ ጉንጫቸውን ያስደግፉባታል። ባለሱቁ «እማማ፣ ምን ትልዎታለች?» ብሎ ቀለደባቸው። «ይህቺ ውሃ ገብቶብኛል ትላለች፤ አንተ ግን ደህና ናት ብለኸኝ ነበር» አሉት። ከዚያ በኋላ ራሱ እየመረጠ ያቀርብላቸው ጀመር። በመጨረሻ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣች፣ ቀለሟ የተላጠ፣ እኔ በነፃም ቢሰጡኝ የማላነሳትን መረጡ።

አገጣጠማቸውን ቆሜ አየሁ። ሞተሯን ከእሳቱ አርቀው በመሃል ላሜራ አቆሙላት፤ ግራሶዋ በሙቀት እንዳይቀልጥ። ትንሽ ጥርስ ሞተሯ ላይ፣ ትልቅ የሳይክል የኋላ ጥርስ ዘንጉ ላይ፣ በመሃል ካቴና። የሳይክል ጎማ ፔዳሉ ቢቆምም እንደሚዞር ሁሉ፣ ዘንጉን ሰው በእጁ ቢያስቀድመው ሞተሯ አትጎዳም። በቀኝ በኩል፣ በዘንጉ ጫፍ፣ ስንዝር የማትሞላ አጭር እጀታ ገጠሙ፤ ባትሪ ቢያልቅ ለማዞሪያ አሉኝ። የባትሪውን ሳጥን እጀታው አጠገብ ስላቆሙት ለግራ እጅ መግቢያ አልነበረውም። በመጨረሻ በሽቦው መሃል አንድ የመኪና አምፖል ቀጠሉ።

«አምፖሉ ለምንድን ነው?»

«እንድትረጋጋ። ሞተር እንዳንተ ናት፣ ካላረጋጓት ትቸኩላለች።»

ማብሪያውን ተጫንኩ። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ሞተሯ አጉረመረመች፣ አሸዋው ግን ንቅንቅ አላለም።

«አስነሳት» አሉኝ።

«በምን?»

«በእጀታው። ትንሽ ስታግዛት ትነሳለች።»

«እትዬ፣ በዚህ በኩል እኮ ቀኝ እጅ ነው የሚገባው። ቀኙ አይሠራም።»

«አጭር እጀታ ናት» አሉና ካቻቢቴያቸውን ሻሻቸው ውስጥ እየሰኩ ሌላ ቦታ ማየት ጀመሩ።

ያዝኳት። አንድ ዙር ለማዞር ላብ አጠመቀኝ፣ ዕንባዬም መጣ። ልክ ሸክሙን ስወስድላት ሞተሯ ተነሳች፣ አምፖሉ ደበዘዘ፣ እጄን ስለቅ አሸዋው ብቻውን መዞር ቀጠለ። ሌላ የተሻለች ሞተር እንፈልግ ብዬ ብጨቃጨቅ አልሰሙኝም። «ደህና ናት፤ ስትነሳ ብቻ ትንሽ ትሰንፋለች» አሉ።

የመጀመሪያው ሠርግ ላይ የሙሽሪት አባት ምድጃውን አይቶ ፊቱን አጠቆረ። «ይሄ ጋራዥ ነው አሮስቶ?» አለኝ። ልመልስለት ስል እትዬ ዶርቃ፣ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከምድጃው አጠገብ ወንበር ይዘው የነበሩት፣ «አባት፣ ሲደርስ መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የሚቆረጠው፤ ካልጣመዎት እኔ ራሴ ነቅዬ እወስዳታለሁ» አሉት። ቅቤ ልቀባ ወይም ከሰል ልጨምር በቆምኩ ቁጥር ሞተሯን አጥፍቼ እንደገና በቀኝ እጄ ማስነሳት ነበረብኝ፤ በየጊዜው ጥርሴን ነክሼ። በጉ ሲወርድ ቆዳው ከአንገት እስከ ጭኑ አንድ ዓይነት ቀይ ነበር፤ በእጄ ሳዞር እንዲያ እኩል ወጥቶልኝ አያውቅም። አባትየው ቀመሰ። ሰሐኑንም እንደገና ዘረጋ። በሁለት ሳምንቱ የዘመዱን ሠርግ ይዞልኝ መጣ። ጽጌ ሻንጣውን ፈታ ልብሴን ወደ ቁም ሣጥን መለሰች።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ዶርቃ በየጊዜው «ላያት» እያሉ ይመጣሉ። ካቴናውን ያጠብቃሉ፣ ዘይት ያጠጣሉ፣ አንገታቸውን ይበላሉ። በየተወሰነ ጊዜም እጀታዋን ፈትተው ረዘም ያለ ይገጥማሉ። እጀታ ሲረዝም እጅ የሚዞርበት ክብ ይሰፋል፣ ወደ ላይም ከፍ ይላል፤ እኔም አዲስ እጀታ በተገጠመ ቁጥር ለሳምንት ያህል አማርራለሁ። «አጭሩ ወገብህን ያጎብጥሃል» ይሉኛል፣ ሌላ ጊዜ «ያኛው ዝጎ ነው» ይሉኛል። ቀስ በቀስ ማማረሬን ረሳሁት። ምን እንደረሳሁ ግን አላስተዋልኩም።

በኋላ ልባቸው ታመመ። አልጋ ላይ ዋሉ፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር የሚቆጥር ድምፅ ጠፋ። በዚያው ሰሞን ሞተሯ ቆመችብኝ። እሳቸውን ማስቸገር ስላልፈለግኩ ምድጃውን በጋሪ አስጭኜ መናኸሪያ ወዳለ አንድ ኤሌክትሪሺያን ወሰድኩት። ካርቦኗ አልቆ ነበር፣ ቀየረላት። ከዚያ ሽቦውን አየና ግንባሩን ቋጠረ።

«ይህ አምፖል ምን ይሠራል?»

«እንድትረጋጋ ነው።»

«የሚያረጋጋት እኮ ትልቁ ጥርስ ነው። አምፖሉ ጉልበቷን ነው የሚቀማት፤ በዚህ ብቻዋን አትነሳም። ማን ነው የገጠመው? ሥራ የማያውቅ ነው።»

ከሰው ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን የደም ሥሬ ተገታትሮ አያውቅም። እሳቸው ሞተር ሲጠቀልሉ አንተ አልተወለድክም አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም። ከረጢት አሸዋ አስሮ፣ አምፖሉን አውጥቶ፣ ሽቦውን አገናኘ። ዘንጉ ያለ ማንም እርዳታ ተነስቶ መዞር ጀመረ።

ቆሜ አየሁት። ከዚያ እጀታዋን አየኋት። ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ትደርሳለች። ያዝኳትና ወደ ላይ ገፋኋት። ላይኛው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቀኝ እጄ ከራሴ በላይ ነበር።

«አምፖሉን እንደነበረ መልሰው» አልኩት። ያበድኩ መስሎት መለሰው።

በቀጥታ እትዬ ዶርቃ ዘንድ ሄድኩ። ሊዲያ ትራስ ደግፋላቸው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ሻሻቸው ግን እንደ ወትሮው ተስተካክሎ ታስሯል።

«እትዬ፣ መናኸሪያ አንዱ የገጠመው ሥራ የማያውቅ ነው አለኝ።»

ወደ እኔ ዞር አሉ። «አምፖሏን አየ?»

«አየ።»

ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ሊዲያ ውሃ አቀበለቻቸው። «ጎበዝ ልጅ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምለው» አሉ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሐኪሙ ነግሮህ የለ? መድኃኒት ነው ስትባል ትተዋለህ፤ ሥራ ነው ስትባል እያለቀስክም ትሠራለህ። ከባዱ ጎንህ ይኸው ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አዩት። «የእኔንም የእጅ አንጓ ፋብሪካ ሳለሁ የማሽን ቺንጊያ ይዞት ደርቆ ነበር። አለቃችን የመጠቅለያ ማሽን ጠፋ ብሎ ሽቦ በእጅ እየተዞረ የሚጠቀለልበት ላይ አስቀመጠኝ። ስንት ጊዜ ረገምኩት መሰለህ። ማሽኑ መጋዘን ውስጥ እንደነበረ የሰማሁት ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። አንተስ ቶሎ ደረስክበት።»

አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ ያንን እጃቸውን ሳምኩት። «ተነስ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለህ» አሉኝ። ከዚያ፣ «እስቲ አንሳው» አሉ።

ቀኝ እጄን አነሳሁ። ከደረቴ፣ ከአገጬ፣ ከራሴ በላይ። ሞተር ሲሞክሩ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ወደ ላይ ሲወጣም ወደ ታች ሲወርድም፣ አንድም ቦታ ላይ መያዝ አለመያዙን ጠብቀው አዩ።

«በቃ» አሉኝ። «አምፖሏን አውጣት። ብቻዋን ትነሳ።»

ቤት ሄጄ ራሴ አወጣኋት። ማብሪያውን ስጫን ዘንጉ ተነሳ፣ እጄ ከልማዱ ወደ እጀታዋ ሄዶ አየር ላይ ቀረ። ጽጌ «ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። ተሻለው አልኳትና ከኋላ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሰው ሲረዳኝ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ረድቶኛል። እንዲህ፣ እየተሰደበ፣ አላዋቂ እስኪባል ድረስ ዝም ብሎ የረዳኝ ግን ሌላ ሰው የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ነው ቱላ እያለሁ ሊዲያ የደወለችው። በጉን ለጽጌና ለሞተሯ ትቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ባገኘሁት ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ። ድሮ ቢሆን እሳት ላይ ያለ በግ ትቶ መሄድ አይታሰብም፤ ልቅሶ የምደርሰው ሁሉም ከተበተነ በኋላ ነበር። የዚያን ቀን ገና ድንኳኑ ሲተከል ደረስኩ። ምሰሶ ያዝኩ፣ አግዳሚ አወረድኩ፣ ከሊዲያ ጋር ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ መዘምራኑ ሻሽና ነጠላ አድርገው በሁለት መስመር ቆመዋል። ፓስተሩ ጸሎታቸውን ጨረሱ። ሳጥኑን የሚሸከሙ ወንዶች ሲጠሩ ቀድሜ ወጣሁ። የሰፈራችን የዕድር ዳኛ፣ የተሰበርኩ ቀን ከሐኪም ቤት ደግፈው ቤቴ ያስገቡኝ ሰውዬ፣ ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጎን ሳቡኝ።

«አስራት፣ አንተ እንኳ ተው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ትከሻህ አይሆንም። የግድ ካልክም በግራ በኩል ግባ።»

«በቀኝ ነው የምሸከማቸው» አልኳቸውና ገባሁ።